ሎግቡኩ የማይጠይቀው ሥራ፦ የነርሲንግ ተማሪዎች ከድሬዳዋ ወጣ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ

የነርሲንግ ተማሪ ፕራክቲስ ሲወጣ ከጋዎኑ ቀጥሎ የማይለየው ሎግቡኩ፣ የተግባር መመዝገቢያ ደብተሩ ነው። ሎግቡኩ ላይ የሚሞላ ቁጥር አለ፤ ይህን ያህል የደም ግፊት መለካት፣ ይህን ያህል ቁስል ማጠብ፣ ይህን ያህል መርፌ መውጋት፣ ይህን ያህል የጤና ትምህርት መስጠት። ቁጥሩ ካልሞላ ፊርማ የለም፣ ፊርማ ከሌለ ውጤት የለም። እኔ የማስተምርበት ኮሌጅ ተማሪዎቹን ከድሬዳዋ ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌዎቹ በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ለዓመታት ሲልክ የኖረው ይህንኑ ቁጥር ለማስሞላት ነበር። ከዚህ በታች ያለው አሠራሩን ስንቀይር የታየው ነገር ነው። የኮሌጁንም የመጦሪያውንም ስም አልጠራም። የአረጋውያኑንም ታሪክ ሰው እንዳይለይበት አድርጌ ነው የጻፍኩት።

ግቢውና ነዋሪዎቹ

ግቢው ሰፊ ነው፤ በአንድ በኩል የሴቶች፣ በሌላ በኩል የወንዶች ክፍሎች፣ መሀል ላይ ሁለት የኒም ዛፎች፣ ከጀርባ ማድ ቤት፣ ጥግ ላይ ሽንት ቤት። ነዋሪዎቹን ቁጭ ብሎ ላዋራቸው ሰው የድሬዳዋን ታሪክ በከፊል ይሰማል። ከተማዋ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ሲደርስ ነው፤ ስለዚህ የምድር ባቡር ጡረተኛ አይጠፋም፤ ከፈረንሳይኛ ጥቂት ቃል የሚቀላቅል፣ ሰዓት የሚያከብር፣ ምሳ በአምስት ደቂቃ ሲዘገይ የሚቆጣ። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የወጡ አሉ። ከገጠር ቀበሌ ልጅ ሞቶባቸው ወይም ልጅ አረብ አገር ቀርቶባቸው የመጡ አሉ። አንዱ ኦሮምኛ፣ ሌላው ሶማሊኛ፣ ሌላው አማርኛ፣ አብዛኞቹ ሁለቱን ወይም ሦስቱንም ይናገራሉ።

ሠራተኛው ጥቂት ነው። አንዲት ነርስ አለች፣ ምግብ የምትሠራ አለች፣ ዘበኛ አለ፣ የቀረው ሸክም በሙሉ በተንከባካቢዎቹ ትከሻ ላይ ነው። ተንከባካቢዎቹ በብዛት ሴቶች ናቸው፤ ከስምንተኛ ክፍል ያላለፉም አሉባቸው። ማጠብ፣ ማጉረስ፣ ማገላበጥ፣ ዳይፐር መቀየር፣ ሌሊት መነሳት የእነሱ ነው።

አረጋዊ በጤና ትምህርታችን ውስጥ ቦታው ጠባብ መሆኑን ማንም የሚክደው አይመስለኝም። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር 16 ጥቅሎች ነበሩት፤ ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ወሊድ፣ ስለ ወባ። ለአረጋዊ ተብሎ የተለየ አንድም አልነበረም። ጊዜው የእናትና የሕፃን ሞት ጊዜ ነበርና አልፈርድም። ግን የተማሪዎቻችንን ትምህርት የቀረጸው ያው ዘመን ስለሆነ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ፊታቸው ብትቀመጥ ምን መጠየቅ እንዳለባቸው በቃላቸው ይወጡታል፤ የሰማንያ ዓመት ሰው ፊት ግን ግፊት ለክተው ዝም ነው።

የቀድሞው አወጣጥ

ሠላሳ ያህል ተማሪ በሰርቪስ ይመጣል፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይወርዳል፣ ግፊት መለኪያውን ያወጣል። አረጋውያኑ በረንዳ ላይ ወንበር ተደርድሮላቸው ይቀመጣሉ። አንድ ክንድ በአንድ ጠዋት አራትና አምስት ጊዜ ይታሰራል፣ ምክንያቱም የሁሉም ሎግቡክ መሙላት አለበት። ከዚያ አንዱ ተማሪ ስለ እጅ መታጠብ ትምህርት ይሰጣል፤ የውሃ ቧንቧው ያን ዕለት ደርቆ ሊሆን ይችላል። ስድስት ሰዓት ላይ ፎቶ ተነስተው ይሄዳሉ። ከነዋሪዎቹ አንዱ፣ ቀልድ የማያልቅባቸው አባት፣ «ክንዴንስ ለካችሁት፤ አንድ ቀን ደግሞ ሆዴን ብትለኩት» ይሉ ነበር። የተለካው ቁጥር የሚጻፈው በተማሪው ሎግቡክ ላይ ነው፤ መጦሪያው ጋ የሚቀር ወረቀት አልነበረም።

ነርሷ ናት በመጨረሻ የተቃወመችው። ከነጭራሹ አትምጡ አላለችም፤ ያለችው «ወይ አሳንሳችሁ አምጡና ይቆዩ፣ ወይ ይቅር» ነው። ልክ ነበረች።

አዲሱ አወጣጥ

ስድስት ተማሪ፣ አራት ሳምንት፣ ለአንድ ተማሪ ሁለት አረጋዊ፤ ለሁለት ተማሪ ደግሞ ከተንከባካቢዎቹ አንዲት መካሪ። ጥንዱን ያመዛዘነችው ነርሷ ናት። የሴት ገላ የምታጥበው ሴት ተማሪ ብቻ እንድትሆን ከመጀመሪያው ተወስኗል፤ ይህ ካልሆነ እናቶቹ በር ዘግተው ይቀመጣሉ። ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ የሚችል ተማሪ ቋንቋው ለሚያስፈልገው ተመደበ፤ ሲያልቅብን አስተርጓሚ የሆኑት ነዋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ያ የባቡር ጡረተኛ ጋቢያቸውን አስተካክለው እንደ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ቆመው ሲያስተረጉሙ ማየት የሚያስደስት ነገር ነበር፤ ጥያቄው የማይረባ ከመሰላቸው ግን አያስተረጉሙትም።

አንድ ከበድ ያለ ደንብ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ግፊት መለኪያም ቴርሞሜትርም አይነካም። ጠዋት በ12 ሰዓት መግባት፣ ማጠብ፣ ልብስ መቀየር፣ ጥፍር መቁረጥ፣ ማጉረስ፣ አልጋ ማንጠፍ፣ አብሮ መቀመጥ። ተማሪዎቹ ተናደዱ፣ አንዳንዶቹ በግልጽ። ዲግሪ የምንማረው ሰው ለማጠብ ነው ወይ የሚል ነው ነገሩ። ቁጣው ከስንፍና የመጣ አልነበረም። አብዛኞቹ ቤተሰብ ተቸግሮ ያስተማራቸው ናቸው፤ ጋዎን ለብሰው የሠራተኛን ሥራ ሲሠሩ መታየቱ አሳፍሯቸዋል። ሥራውን የሚሠሩት ተንከባካቢዎች ይህን ጆሯቸው እየሰማ እንደሆነ ያስተዋለ ግን አልነበረም።

የወደቁት እናት

ከሴቶቹ ክፍል አንዲት እናት በአጭር ጊዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ ወድቀዋል፤ ሁለተኛው ላይ ግንባራቸው ተፈንክቶ ተሰፍቷል። በካርዳቸው ላይ የተጻፈው ምክንያት «እርጅና» ነው። ግፊታቸው ሲለካ ሁልጊዜ ደህና ነው። የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ፤ አምሎዲፒንና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ።

የተመደበችላቸው ተማሪ ከደብረ ማርቆስ የመጣች ልጅ ነበረች፤ ኦሮምኛ አትሰማም፣ እማማም አማርኛቸው ጥቂት ነው። «አኮ» (በኦሮምኛ አያት) ብሎ መጥራቱን ከመካሪዋ ተማረች፤ ከዚያ ወዲያ በእጅ ምልክት ነው። በሦስተኛው ቀን ማለዳ እማማን ከአልጋ አንስታ ሽንት ቤት ስትወስዳቸው ሁለት እርምጃ እንደተራመዱ ግድግዳውን ያዙ፤ ዓይናቸው ጨለመባቸው። ልጅቱ አስቀመጠቻቸው። በማግስቱ መለኪያው ሲፈቀድ በተኙበት ለካች፦ 132 በ80። አስነስታ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ለካች፦ 104 በ66። ሰው ተኝቶ ሲነሳ በሦስት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ሲቆም ግፊቱ የሚወርድበት ሰው ነው ይባላል። ያ ሁሉ ተማሪ ያ ሁሉ ጊዜ የለካቸው በረንዳ ላይ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ጠዋት ሻይ ጠጥተው ነው።

እዚህ ላይ ቢቆምም ጥሩ ግኝት ነበር። ልጅቱ ግን ለምን ብላ ጠየቀች፤ የጠየቀችውም ተንከባካቢዋን ነው። ተንከባካቢዋ የመለሰችው እንደ ተራ ነገር ነው፤ እማማ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ውሃ አይጠጡም። ለምን? ሌሊት ሽንት ቤት መሄድ ይፈራሉ። ሽንት ቤቱ ግቢውን አቋርጦ ነው፣ አምፖሉ ከተቃጠለ ቆይቷል፣ ደረጃ አለው። ሃይድሮክሎሮታያዛይዱ ደግሞ ሽንት የሚያበዛ ነው፤ የሚሰጣቸው ማታ ነበር፣ ምክንያቱም የሁሉም መድኃኒት የሚታደለው ከራት ጋር ነው። ስለዚህ ሌሊት ሽንት ይበዛል፣ ሽንት ስለበዛ ውሃ ይተዋል፣ በድሬ ሙቀት ውሃ የተወ ሰው ደግሞ ማለዳ ሲነሳ ደሙ ወደ ጭንቅላቱ በበቂ አይደርስም። አረጋዊ እንደ ወጣት አይጠማም፤ ከሰዓት ሙሉ ባይጠጣ እንኳ ሰውነቱ አያስታውሰውም።

ተንከባካቢዋ ይህን ካወቀች ቆይታለች። ለማን ትናገረው? የጠየቃት የለም፤ ሎግቡክ ላይም «ተንከባካቢ ጠይቅ» የሚል ሳጥን የለም።

የተደረገው ነገር ርካሽ ነው። ነርሷ ካርዱን ይዛ እማማን ወደ ሆስፒታል ወሰደቻቸው፤ ሐኪሙ መጠኑን ቀንሶ ሽንት የሚያበዛውን ወደ ጠዋት አዞረው። ክዳን ያለው ፖፖ አልጋ ሥር ገባ። አምፖሉ ተቀየረ። ከሰዓት በኋላ ውሃ በትንሽ በትንሹ በኩባያ ይሰጣቸው ጀመር፤ ይህን ለመልመድ ጊዜ ወስዶባቸዋል። ተማሪዎቹ በቆዩበት ጊዜ ዳግም አልወደቁም። ከአንድ ሰው ተነስቼ ብዙ ማለት አልፈልግም፤ ግን ነርሷ የሌሎቹንም የመድኃኒት ሰዓት በዚያው ሳምንት አየችው። ለስኳር ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ አንድ ሙስሊም አባት ረመዳንን ሙሉ ሳያዛንፉ እንደሚጾሙ የታወቀውም ያኔ ነው። ይህ መድኃኒት የአረጋዊን ስኳር ከልክ በታች በማውረድ የታወቀ ነው፤ የሚጾም ሰው ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ጉዳያቸው ለሐኪም ቀርቦ መድኃኒታቸው ተቀይሯል።

«የመርሳት በሽታ»

ሁለተኛው ታሪክ አጠር ይላል። ዕድሜያቸውን በፋብሪካ ከሽመና መኪና ሥር የጨረሱ አንድ አባት ነበሩ። ተማሪው በመጀመሪያው ሳምንት በሪፖርቱ የጻፈው፦ ለጥያቄ አይመልሱም፣ ቀኑንና ቦታውን አያውቁም፣ የመርሳት በሽታ ሳይኖርባቸው አይቀርም። መካሪዋ ተንከባካቢ ሲያነብላት ሳቀች። አባባ በየማታው ሬዲዮ ቀኝ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ኳስ እንደሚሰሙ፣ ማን ስንት እንዳገባም ለመኝታ ክፍሉ እንደሚያወሩ ነገረችው። እሷ ራሷ ስታናግራቸው በቀኝ ዞራ፣ ጠጋ ብላ፣ ዝግ ብላ ነው። እሱ ሲጠይቃቸው የኖረው በግራ በኩል ቆሞ ነው።

ኦቶስኮፕ፣ የጆሮ ውስጥ መመልከቻ፣ በውሰት መጣ። ግራ ጆሮ በኩክ ተደፍኗል፤ ቀኙም ቢሆን ንጹሕ አልነበረም። ለጥቂት ቀናት ማለስለሻ ጠብታ ተደርጎበት፣ ታምቡሩ ያልተቀደደ መሆኑ ታይቶ፣ በጤና ጣቢያ ለብ ባለ ውሃ ታጠበ። የመኪናው ጩኸት የበላው መስማት አልተመለሰም፤ ኩኩ የዘጋው ግን ተመለሰ። ተማሪው ዓመተ ምሕረቱን ሲጠይቃቸው «አንተስ አታውቀውም?» አሉት።

ከዚህ የወጣው የክፍል ውይይት ረጅም ነበር። በትምህርት ቤት የምናስተምረው የማስታወስ ፈተና እ.ኤ.አ. በ1975 አሜሪካ ውስጥ የታተመው ነው፤ ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነስክ ውረድ፣ ዓረፍተ ነገር ጻፍ፣ ይህን ሥዕል ገልብጥ ይላል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው አእምሮው እንደ ምላጭ ቢሆንም ይወድቅበታል። ታንዛኒያ ውስጥ ትምህርት ላልቀመሱ የገጠር አረጋውያን ታስቦ የተሠራ አይዲያ የሚባል አጭር መጠይቅ አለ፤ በኮርሳችን ግን ስሙ አይነሳም። ደግሞም ከየትኛውም መጠይቅ በፊት ሰውየው ይሰማል ወይ፣ ያያል ወይ የሚለው ይቀድማል።

ማርክ የሚሰጠው ማነው

ከሁሉ የከበደን ክርክር እዚህ ነበር። ተንከባካቢዎቹ መካሪ ከሆኑ ከመቶው ሃያውን እነሱ ይስጡ የሚል ሐሳብ ይዤ ወደ ዲፓርትመንት ሄድኩ። የተመለሰልኝ፦ ዲግሪ የሌለው ሰው የዲግሪ ተማሪን ማርክ ሊሰጥ አይችልም። ደንቡ እንደዚያ ነው፤ ደንቡን መከራከር ይቻላል፣ በአንድ ሴሚስተር መቀየር ግን አይቻልም። የተስማማነው ተንከባካቢዎቹ በየአርብ ከተማሪዎቹና ከእኔ ጋር ተቀምጠው አስተያየታቸውን በቃል እንዲሰጡ፣ እኔ እንድጽፈውና ማርኩን ስሰጥ እንዳየው ነው። የአርቡ ሻይ የሥልጠናው ዋና ቦታ ሆኖ አረፈው። «አንተ ስታጎርስ ትቸኩላለህ፣ ሳይውጡ ትደግማለህ፤ ትን ብሏቸው ቢሞቱስ?» የሚል ግምገማ ከየትኛውም ቼክሊስት አልመጣልኝም።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1982 የሮበርት ውድ ጆንሰን ፋውንዴሽን የነርስ ትምህርት ቤቶችን ከአረጋውያን መኖሪያዎች ጋር የሚያቆራኝ ፕሮግራም ከፍቶ ነበር። በአውስትራሊያ ታዝማኒያ ዩኒቨርሲቲ ከእ.ኤ.አ. 2011 ጀምሮ ተማሪዎችን በቡድን ወደ አረጋውያን መኖሪያ እያስገባ፣ ከመኖሪያው ሠራተኞች መካሪ እያሰለጠነ፣ ቋሚ ውይይት እያስያዘ ሄዷል። እዚያ የገጠር መኖሪያዎች ችግር ሠራተኛ ማጣት ነው፤ ተማሪ ቀድሞ ቢለምደው ተመርቆ ይመለስ ይሆናል የሚል ተስፋ አለ። የእኛ ሁኔታ ይለያል። የእኛ ተመራቂ ሥራ አጥቶ ቤቱ ተቀምጧል፤ መጦሪያው ደግሞ ሌላ ነርስ የሚቀጥርበት በጀት የለውም። ስለዚህ ከእነሱ የምንወስደው የመካሪውንና የውይይቱን ነገር ነው፤ የቅጥሩን ተስፋ ለተማሪዎቼ አልሸጥም።

በአገር ቤትም መሠረቱ አለ። ጅማ እ.ኤ.አ. በ1983 የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሲከፈትባት ተማሪ ከማኅበረሰቡ ውስጥ ገብቶ ይማር ብላ ነው የተነሳችው፤ ኋላም ከልዩ ልዩ ሙያ የተውጣጡ ተማሪዎች በቡድን ጤና ጣቢያ ገብተው የሚከርሙበት ሥልጠና ወደ ሌሎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ተስፋፋ። አብሮ መኖር የሚለው ሐሳብ ያኔም ነበር። ቀስ በቀስ ሎግቡኩ ዋጠው።

ገጠሩ

በአራተኛው ሳምንት ተማሪዎቹ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር ሆነው በገጠር ቀበሌ አረጋውያን ያሉባቸውን ቤቶች ጎበኙ። የድሬዳዋ አስተዳደር ከከተማው ሌላ ብዙ የገጠር ቀበሌዎች አሉት፤ በገጠሮቹ መጦሪያ የሚባል ነገር የለም፣ ተንከባካቢዋ ምራት ናት። ምራቷ ውሃ ትቀዳለች፣ ፍየል ታያለች፣ ሕፃን ታዝላለች፣ ዓይናቸው በሞራ የተጋረደባቸውን አማቷን በዘንግ ትመራለች። ከመጦሪያው የመጡት ተማሪዎች ከሌሎቹ የተለዩበት ነገር አንድ ነው፦ አረጋዊውን ከመመርመራቸው በፊት ምራቷን አስቀምጠው ጠየቁ። ጉብኝቱ አጭር ስለነበር ከዚህ በላይ የምለው የለም።

ያልተስተካከለው

ሁለት ነገር አስቸግሮናል። አንዱ ስልክ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ተማሪ አባባን ሲያጎርስ የተቀረጸ ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ወጣ፤ በጎ አስቦ ነው፣ አስተያየቱም ሁሉ ምርቃት ነበር። የአባባ የወንድም ልጅ ሌላ ከተማ ሆኖ አየው። አጎቱ መጦሪያ መግባታቸውን አያውቅም ነበር፤ አባባም እንዲያውቅ አልፈለጉም። ቪዲዮው ወረደ፣ ነገሩ ግን አልወረደም፤ አባባ ያን ተማሪ ዳግም አላስጠጉትም። ከዚያ በኋላ ስልክ በር ላይ ለዘበኛው ይቀመጣል።

ሌላው መለያየት ነው። አራት ሳምንት አብሮህ የሚነጋ ልጅ ድንገት ሲቀር አረጋዊ ይጎዳል። አንዲት እናት ተማሪያቸው በሄደች ማግስት ምሳ አልበላም አሉ፤ ሁለተኛም ቀን እንደዚያው። ተንከባካቢዎቹም ተማሪ ሲኖር የቀለለው ሥራ ተማሪ ሲወጣ በአንድ ቀን ተመልሶ ሲጫንባቸው ቅር ይላቸዋል፤ መብታቸው ነው። አሁን የመለያያው ቀን ከመጀመሪያው ዕለት ለአረጋዊው ይነገራል፤ የሚወጣውና የሚገባው ቡድንም ለሁለት ቀን ይደራረባል፣ አዲሱ ልጅ በቀድሞው አማካይነት ይተዋወቅ ዘንድ። ማስተዛዘኛ ነው እንጂ መፍትሔ አልለውም።

ሎግቡኩ አሁንም አለ። የግፊት ልኬቱ ቁጥር ቀንሶ በምትኩ «ተኝቶና ቆሞ» የሚል ዓምድ ገብቶበታል፤ የአንድ አረጋዊ ሙሉ ታሪክ የሚጻፍበት ሁለት ገጽም ተጨምሯል፤ ቅጂው መጦሪያው ጋ ይቀራል። ጓንትና ሳሙና ማን ይግዛ የሚለው ኮሌጁና መጦሪያው እየተጻጻፉበት ነው። የሚቀጥለው ቡድን የሚገባው በግንቦት ሲሆን የግንቦት ሙቀት የታወቀ ስለሆነ ነርሷ የሥራው ሰዓት ከ12 እስከ 4 ሰዓት ጠዋት፣ ከዚያ ከ10 ሰዓት በኋላ ይሁን ብላለች። የኮሌጁ ሰርቪስ የሚነሳው በ2 ሰዓት ነው። ሾፌሩ አልማለድም ብሏል፤ እስካሁን ተማሪዎቹ ለባጃጅ እያዋጡ ነው የሚደርሱት።